ልኩ ያልተጻፈ መድኃኒት፦ ስለ ጥገት ላምና ስለ ስሜን ዕፅዋት የተደረገ ዲስኩር

ዕፅ ዐዋቂ አባቶችና እናቶች ከመካከላችን እንዳላችሁ ዐውቃለሁ። የዛሬው ንግግሬ በተለይ ለእናንተ ነው።

ጉዳያችን ጥገት ላም ናት፤ ስትታመም የምንግታት ሥርና ቅጠልም አብሮ ይነሣል። ይህ ነገር በተነሣ ቁጥር ሰው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን የአያት መድኃኒት የማይፈውሰው ሕመም የለም ይላል። ሌላው "ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ" ብሎ አፉን ያጣምማል። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ሙያዬ ከሁለተኛው ወገን ያስቆመኝ መስሏችሁ ይሆናል። አልቆምኩም። ከመጀመሪያውም ጋር አልቆምኩም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ የባህል መድኃኒታችን ድካም ያለው ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ልኩ ላይ ነው። ምን ያህል ይሰጣል? ለየትኛው ሕመም? ለስንት ኪሎ ላም? ስንት ጊዜ? ከዚያስ በኋላ ወተቱ ለሕፃን የሚሰጠው መቼ ነው? እነዚህ አምስት ጥያቄዎች መልስ ካላቸው በእጃችን ያለው መድኃኒት ነው። መልስ ከሌላቸው ግን ያው ቅጠል አንዱን ቤት ያድናል፣ ሌላውን ቤት ያለ ላም ያስቀራል።

መጀመሪያ የቆምንበትን ቦታ እንይ። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ ሊማሊሞን በጥምዝምዙ መንገድ ሲወርዱ ድብ ባሕር ይደረሳል፤ ወደ ታች ሲቀጥሉ አዲ አርቃይ። በግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ አየሩም ዕፁም በሽታውም ይለወጣል። ከላይ በብርዱ አገር አስታ፣ ኮሶ፣ ጅብራ አለ። ከታች ወይራ፣ ብሳና፣ ግራዋ፣ ቁልቋል፣ እንዶድ ይበዛል። ደጋው ላይ ላሞችን የሚያሠቃየው የሳንባ ሕመምና በረግረግ ግጦሽ የሚገኘው የጉበት ትል ነው። ቆላው ላይ ደግሞ መዥገር ነው። ስለዚህ ደባርቅ ላይ የሠራ መድኃኒት ድብ ባሕር ላይ ባይሠራ ዐዋቂው ውሸታም ነው ማለት አይደለም። ሕመሙም ዕፁም ሌላ ሊሆን ይችላል።

ይህ መንገድ በዕፅዋት ታሪክ ውስጥ ስም አለው። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ሊማሊሞን ወጥቶ ነው። አገሩ ተመልሶ ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ኮሶ ዛፍ ከነሥዕሉ ጻፈ። በሚቀጥለው መቶ ዘመን የኮሶ አበባ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። ከብሩስ በኋላ ጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር መጣ። ከ1837 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ1878 እ.ኤ.አ. እስኪሞት ድረስ በትግራይና በስሜን ኖሮ፣ የአገራችንን ዕፅዋት እያደረቀ ወደ አውሮፓ ሙዚየሞች ላከ። እንግዲህ ቅጠላችን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ጀምሮ በላቲን ስሙ ተመዝግቧል ማለት ነው። ያልተመዘገበው እናቶቻችን ለላማቸው ስንት እፍኝ ይወቅጡ እንደ ነበር ነው።

አሁን ወደ በረት እንግባ፤ ሕመሙንም አንድ በአንድ እናንሣ።

በሆድ መነፋት ልጀምር፤ በዚህ ላይ አባቶቻችንና ሳይንሱ ይስማማሉና። ክረምቱ ሲወጣ ሜዳው ላይ ማገጥ ይለመልማል። የተራበች ላም ለምለም ማገጥ ጠግባ ስትገባ የግራ ጎኗ ይነፋል፣ ማመስኳት ታቆማለች፣ ትንፋሿ ያጥራል። ቶሎ ካልተደረሰላት በሰዓታት ውስጥ ትሞታለች። በጨጓራዋ ውስጥ የሆነው እንዲህ ነው፦ ለምለሙ ሣር ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ በጥቃቅን አረፋ ይታሰራል፤ አረፋው ስለማይፈነዳ ላሟ ልታገሳው አትችልም። ባላገር ምን ያደርጋል? የኑግ ዘይት ወይም የቀለጠ ቅቤ ይግታታል። ዘይት የአረፋውን ሽፋን ያፈርሰዋል፤ ጋዙም ተላቆ በግሳት ይወጣል። የእንስሳት ሕክምና መጻሕፍትም የሚያዝዙት ይህንኑ ነው፤ ለአንድ ትልቅ ላም ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር የምግብ ዘይት። አያቶቻችን ስለ አረፋው ሽፋን ባይናገሩም ሥራውን ዐውቀውታል።

ችግሩ አሰጣጡ ላይ ነው። በብዙ የአገራችን ክፍል መድኃኒት በግራ አፍንጫ ይፈስሳል። አፍንጫ ግን ወደ ሳንባም ይወስዳል። ዘይት ሳንባ ውስጥ ከገባ ላሟ ከመነፋቱ ድና ከቀናት በኋላ በሳንባ ምች ትሞታለች። ባለቤቱም "ዘይቱ አልሠራም" ይላል። ስለዚህ በአፍ ይሁን። ራሷን ወደ ላይ አታንጋጥጧት፤ ምላሷን አትጎትቱ፤ በከንፈሯ ጎን ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ፣ እስክትውጥ እየጠበቃችሁ ስጧት። ዘይቱ ካልረዳትና ጎኗ እንደ ተወጠረ ከቀጠለ የሐኪም መሣሪያ ብቻ ነው የሚያድናት፤ ያኔ ሌላ ቅጠል ፍለጋ ወደ ገደል አትሩጡ።

ሁለተኛው ትል ነው። ለሆድ ትል ኮሶ፣ ግራዋና ብሳና ይሰጣሉ። ኮሶ በእርግጥ ትል ያስወጣል፤ ይህን የሚከራከር የለም። ነገር ግን ኮሶ ሥራው አንጀት ውስጥ ነው። ደጋው ላይ ወተታችንን የሚሰርቀው ትል በአብዛኛው አንጀት ውስጥ አይኖርም፤ ጉበት ውስጥ ነው። ላሟ ትከሳለች፣ ወተቷ ይቀንሳል፣ ከመንጋጋዋ ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት ይወጣል። ባለቤቷ "ትል ነው" ይላል፤ እውነቱን ነው። ኮሶ ይሰጣታል፤ አትድንም። ሁለተኛ ጊዜ አብዝቶ ይሰጣታል። ኮሶ ሲበዛ መርዝ ነው፤ ሰው ላይ እንኳ ከልክ ያለፈ ኮሶ የዓይን ብርሃን እንደሚጎዳ ይታወቃል። የደከመች ላም ሁለት መከራ ተሸከመች ማለት ነው። ዕፁ ጥፋት የለበትም፤ ስሕተቱ ሕመሙን መለየቱ ላይ ነው።

የጉበት ትል ኑሮ አስገራሚ ነው። እንቁላሉ ከእበት ጋር ይወጣል፤ ከውሃ ሲደርስ ይፈለፈላል፤ ከዚያም ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ያድጋል፤ በመጨረሻ ወጥቶ በረግረጉ ዳር ሣር ላይ ይጣበቃል። ላሟ ሣሩን ስትግጥ ትሉንም ትውጣለች። ቀንድ አውጣ ከሌለ የጉበት ትል የለም። እዚህ ላይ ነው እንዶድ የሚነሣው፤ የእንዶድ ታሪክም ለዛሬው ነገራችን ዋና ምስክር ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ስለ ቢልሃርዚያ ሊያጠና ከዚህ መንገድ ማዶ፣ ዐድዋ፣ ወንዝ ዳር ቆሞ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከማጠቢያው በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ ከማጠቢያው በላይ ያሉት ግን በሕይወት አሉ። ቢልሃርዚያም እንደ ጉበት ትል ሁሉ ያለ ቀንድ አውጣ አይኖርም። አክሊሉ በዚህ አልቆመም። ፍሬውን ወስዶ ለካው፦ በምን ያህል ውሃ ምን ያህል እንዶድ ሲገባ ቀንድ አውጣው ይሞታል? ዓሣውስ? ከየትኛው የእንዶድ ዝርያ የተሻለ ይገኛል? የዓመታት ሥራ ሆነ። በ1989 እ.ኤ.አ. እሱና የሥራ ባልደረባው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ "ራይት ላይቭሊሁድ" የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እንዶድን ያገኘው አክሊሉ አይደለም፤ ከብዙ ዘመን ጀምሮ በእያንዳንዱ ቤት አጥር ላይ አለ። አክሊሉ የጨመረው ልኩን ነው።

እንዶድ ግን ቀንድ አውጣ የሚገድለው መርዝ ስለሆነ ነው። በውስጡ ያለው አረፋማ ንጥረ ነገር፣ ሳፖኒን የሚባለው፣ የደም ሕዋስን ያፈርሳል፤ ዓሣም ይገድላል። ስለዚህ እንዶድን ለላም ማጋት፣ በተለይም እርጉዝ ላምን፣ ከማዳን ይልቅ ወደ ማስወረድና ወደ መግደል የቀረበ ነው። አንዱ ዕፅ ወንዝ ውስጥ ሲገባ መድኃኒት፣ ጉሮሮ ውስጥ ሲገባ መርዝ ይሆናል።

ሦስተኛው እንግዴ ልጅ ነው። ላም ከወለደች በኋላ እንግዴ ልጇ በ12 ሰዓት ውስጥ ሊወጣ ይገባል። ሲዘገይ በየቤቱ የሚደረገው ይታወቃል፦ ተልባ ፈልቶ ይሰጣታል፤ ግራዋ ተጨምቆ ይጠጣል፤ አንዳንዱም በተንጠለጠለው እንግዴ ልጅ ላይ ድንጋይ ወይም አሮጌ ጫማ ያስራል። ተልባው አይጎዳትም። ደክማ ለወለደች ላም ሞቅ ያለ የተልባ ውሃ ጥሩ ምግብ ነው፤ ቀጥሉበት። ድንጋዩን ግን ፍቱት። ክብደቱ እንግዴ ልጁን ይቀድደዋል፤ ቁራጩ ማኅፀን ውስጥ ቀርቶ ይበሰብሳል፤ ማኅፀኗም ተቆጥቶ እንደገና መፀነስ ታቆማለች። በእጅ ስቦ ማውጣትም እንደዚሁ ነው።

ይልቁንም ለምን ቀረ ብለን እንጠይቅ። ላሟ መንታ ስትወልድ፣ ምጥ ሲጠናባት ወይም መኖዋ ሲጎድል እንግዴ ልጅ ይቀራል። በተለይ ግን በእርግዝናዋ መጨረሻ ላይ ጥጃ ካስወረደች ብሩሴሎሲስ የተባለውን በሽታ ጠርጥሩ። ይህ በሽታ ወደ ሰው ይተላለፋል። የሚተላለፈውም የወደቀውን ጥጃና እንግዴ ልጁን በባዶ እጅ በመንካት፣ ያልፈላ ወተትም በመጠጣት ነው። እንዲህ ባለ ቤት የትኛውም ቅጠል አይመልሰውም። እንግዴ ልጁን ቅበሩ፣ ውሻ አታብሉ፣ ወተቱን አፍሉ፣ ሐኪም ጥሩ።

አራተኛው የግት ሕመም ነው፤ በወተት ላም ላይ ከሁሉ በላይ ኪሳራ የሚያመጣውም እርሱ ነው። ግቷ አብጦ፣ ቀልቶ፣ ሲነኩት ከተኮሰ፣ ወተቱም እንደ አይብ ከተቋጠረ ወይም ደም ከቀላቀለ ሁሉም ሰው ያያል። ያኔ በሞቀ ጨው ውሃ ይታጠባል፤ ቅቤ ይቀባል፤ የተወቀጠ ቅጠል ይለጠፋል። ሙቅ ውሃው ሕመሙን ያቀልልላታል። ነገር ግን ሕመሙን ያመጣው ተሐዋስ ያለው ቆዳው ላይ ሳይሆን በጡቱ ቀዳዳ ገብቶ ወተቱ በሚሠራበት በውስጠኛው ክፍል ነው። ከውጭ የተቀባ ቅጠል እዚያ አይደርስም። አንዳንዱ ይህን ተረድቶ በጡቷ ቀዳዳ ስንጥር ወይም የሣር አገዳ ይሰድዳል። ይህ እጅግ የከፋ ነው፤ ሌላ ተሐዋስ አስገብቶ ግቱን ለዘለዓለም ያደርቀዋል።

ከዚህም የሚከፋ ደግሞ አለ፦ የማይታየው የግት ሕመም። ግቱ አላበጠም፣ ላሟ ትበላለች፣ ወተቱ ግን በየቀኑ ይቀንሳል። ባለቤቱ "ዓይን በላት" ይላል። ይህን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከማለባችሁ በፊት ከእያንዳንዱ ጡት የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ጠብታዎች በጥቁር ጨርቅ ላይ እለቡ፤ ትንንሽ ቋጠሮ ካያችሁ ያ ጡት ታሟል። ሐኪም ዘንድ ደግሞ ወተቱን ከፈሳሽ ጋር ቀላቅሎ በደቂቃ ውስጥ የሚያሳይ ቀላል ምርመራ አለ። መከላከያው እጅ መታጠብ፣ ጤነኛይቱን ቀድሞ ማለብ፣ የታመመችውን መጨረሻ ላይ ማለብ ነው። ይህ ያለ ዕፅም ያለ መርፌም የሚሠራ ነው።

አምስተኛውና ስድስተኛው ከውጭ የሚጣበቁት ናቸው፤ አልቅትና መዥገር። በበጋ ምንጩ ሲደርቅ ከብት ከኩሬ ይጠጣል፤ አልቅት በላሟ አፍና አፍንጫ ውስጥ ይጣበቃል፤ ከአፍንጫዋ ደም ይንጠባጠባል። የአገሩ መድኃኒት ትምባሆ ነው። ትምባሆ አልቅቱን ያስለቅቀዋል፤ በእርግጥ ይሠራል። የሚሠራው ግን በውስጡ ያለው ኒኮቲን ብርቱ መርዝ ስለሆነ ነው። ጥጃና ደም ያነሳት ላም ከትልቅ በሬ በጣም ባነሰ መጠን ይሞታሉ። እዚህ "አንድ እፍኝ" ማለት ዋጋ የለውም፤ የእኔ እፍኝና የጎረቤቴ እፍኝ እኩል አይደለም፤ እርጥቡ ቅጠልና ደረቁ ቅጠልም እኩል አይደለም። ከዚህ ሁሉ ገንዳ ሠርቶ ውሃን ከምንጩ ቀድቶ ማጠጣት ይሻላል።

መዥገር ቆላ ወርደን ስናይ የግቱ ዋና ጠላት ነው። ረጅም አፍ ያለው መዥገር ጡት ላይ ተጣብቆ ሥጋውን ያቆስላል፤ ቁስሉ ሲድን ጡቱ ተደፍኖ ይቀራል። የቁልቋል ወተት የሚቀቡ አሉ። መዥገሩን ይጥለዋል፤ ቆዳውንም ያቃጥለዋል፤ ወደ ዓይን ከተረጨም ያሳውራል። ከዚህ ይልቅ ተስፋ ያለው ድግጣ ነው። የአገራችን አርብቶ አደሮች የድግጣን ቅጠል ለቅማልና ለመዥገር ይጠቀሙበታል። ከደቡብ ኢትዮጵያ የተወሰደ የድግጣ ቅጠል ደቡብ አፍሪካ፣ ፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተፈትኖ ውጤቱ በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ጭማቂው መዥገርን እንደሚስብ፣ እንደሚያደነዝዝና እንደሚገድል ታይቷል። እነሆ የአርብቶ አደሩ ቃል በመለኪያ ተፈትኖ ጸና።

አንድ ቦታ ደግሞ ዕፃችን ያለ ክርክር ይረታል፤ የወተት ዕቃ ላይ። ቅሉና መናጫው በግራዋ ይታሻል፤ በወይራ ወይም በጥንጁት ይታጠናል። ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ በ1996 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እርጎ የሚረጋበትን ዕቃ ማጠን በወተቱ ውስጥ በሚራቡት ተሐዋስያን ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ለክተው አሳይተዋል። የእናቶቻችን ጢስ ለሽታ ብቻ አልነበረም፤ ወተት ቶሎ እንዳይበላሽ ማድረጊያ ነበር። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቀበሌ ይህን ልማድ ትቶ ወተቱን በዘይት ጀሪካን ማስቀመጥ ወደ ኋላ መመለስ ነው።

አሁን ደግሞ ዕፅ የሚቆምበትን ድንበር ላስምር። አባ ሰንጋ ላይ ቅጠል አይሠራም። ከብት በድንገት ወድቆ ሞቶ ከአፉና ከአፍንጫው ያልረጋ ደም ከወጣ አትክፈቱት፣ አትግፈፉት፣ ሥጋውን አትካፈሉት፤ ቅበሩት፤ የበሽታው ፍሬ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ይኖራልና። እብድ ውሻ በሽታ ላይም ቅጠል አይሠራም፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውም ከብትም አይድንም፤ የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥቦ ዕለቱን ወደ ጤና ጣቢያ ለክትባት ይሂድ።

የደስታ በሽታን ታሪክም ሽማግሌዎች ታስታውሳላችሁ፤ ከአባቶቻችሁ ሰምታችኋል። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በምጽዋ በኩል ገብቶ የአገራችንን ከብት ከዘጠና በመቶ በላይ ፈጅቷል ተብሎ ይገመታል። የሚያርስ በሬ ጠፍቶ ክፉ ቀን መጣ። ያኔ ስሜን ውስጥ ዕፅ ዐዋቂ አልጠፋም፤ ዕፅም አልጠፋም። የሚመክተው ግን አልተገኘም። በሽታውን ያጠፋው ክትባት ነው። አፋር በረሃ ውስጥ ደግሞ ሙቀት የሚችለውን ክትባት ይዘው በየመንጋው የዞሩት ከራሱ ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። ኢትዮጵያ በ2008 እ.ኤ.አ. ከበሽታው ነጻ መሆኗ ታወቀ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ከዓለም ጠፋ ተባለ። ሳይንሱ የሠራው የአገሬው ሰው ሲይዘው ነው፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ታዲያ ልኩ ለምን አልተጻፈም? አንደኛው ምክንያት ምስጢር ነው። መድኃኒት ከተነገረ ኃይሉ ይጠፋል ይባላል፤ አባት ለመረጠው ልጅ ብቻ፣ ያውም በመጨረሻው ሰዓት ይነግራል። ልጁ ዛሬ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ነው። አባትየው ሲያርፉ ዕውቀቱም አብሮ ይቀበራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ተረቱ፤ መድኃኒቱን የደበቀስ ወራሽ አለውን? ደብተራዎች የጻፏቸው የመድኃኒት መጻሕፍት አሉን፤ ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን በ1968 እ.ኤ.አ. ጽሑፎቹን፣ በ1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዕፅዋቱን ስምና ጥቅም አሳትሟል። እነዚያ መጻሕፍት ግን በአብዛኛው ለሰው ናቸው። የላሟ መድኃኒት በአፍ ቀረ።

መጻፍ ምን እንደሚያመጣ ከቻይና እንማር። ገ ሆንግ የተባለ ሐኪም በ4ኛው መቶ ዘመን ለንዳድ የሚሆን አንድ ዕፅ ጻፈ፦ አንድ እፍኝ ቅጠል፣ ይህን ያህል ውሃ፣ ዘፍዝፈህ ጨምቀህ ጠጣ። ከ1,600 ዓመት በኋላ ቱ ዩዩ የተባሉት ተመራማሪ ይህን አነበቡ። ሌሎች ቅጠሉን ሲያፈሉት ነበር፤ መጽሐፉ ግን አፍላ አይልም። ሙቀቱ መድኃኒቱን እንደሚያጠፋው ገባቸው፤ በዝቅተኛ ሙቀት አወጡት፤ ዛሬ ለወባ የምንወስደው አርቴሚሲኒን ከዚያ ተገኘ። በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በዚያው ዓመት ሽልማቱን የተካፈሉት ሁለት ሰዎች አይቨርሜክቲንን ያገኙት ናቸው፤ እርሱም መጀመሪያ ለእንስሳት የዋለ መድኃኒት ነው። አንድ የተጻፈ መስመር ከ1,600 ዓመት በኋላ ሚሊዮኖችን አተረፈ።

ሁለተኛው ምክንያት መሰረቅን መፍራት ነው፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዶድ የውሃ ቧንቧ የሚደፍን ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረትን እንደሚገድል ከታወቀ በኋላ የባለቤትነት መብት አስመዝግቦበት ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ለዚህ ነው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የወጣው፤ የጄኔቲክ ሀብት ባለቤት መንግሥትና የኢትዮጵያ ሕዝብ፣ የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤት ደግሞ ማኅበረሰቡ እንደሆነ፣ ፈቃዱ ሊጠየቅና ከጥቅሙም ሊካፈል እንደሚገባ ደንግጓል። ዕውቀቱ የማን እንደሆነ ለማስረዳት ግን መጀመሪያ የተመዘገበ ነገር መኖር አለበት። ያልተጻፈ ዕውቀት ሲወሰድ ምስክር የለውም።

ሦስተኛው ዕፁ ራሱ እየራቀ መሄዱ ነው። ኮሶና ወይራ ዛሬ በብዛት የሚታዩት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ነው። የስሜን ተራሮች ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም፣ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገብቶ ነበር፤ አንዱ ምክንያት ከልክ ያለፈ ግጦሽ ነው። ሥሩ ተምሶ የሚወሰድ ዕፅ ደግሞ ቶሎ ያልቃል፤ ቅጠሉ የሚሠራ ከሆነ ሥሩን ተዉት፤ በጓሮም ትከሉ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። በየቀበሌው አንድ ደብተር ይኑር። ዕፅ ዐዋቂው ይናገር፣ ተማሪው ይጻፍ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ይመልከት። የሚጻፈውም፦ ላሟ ምን ምልክት አሳየች? የአበሻ ላም ናት ወይስ የተዳቀለች? የአበሻዋ ላም 250 ኪሎ ብትመዝን የተዳቀለችው ከዚያ እጅግ ልትበልጥ ትችላለችና። ከዕፁ የትኛው ክፍል ተወሰደ፤ እርጥብ ወይስ ደረቅ? እፍኝን ትተን በገበያ ሚዛን ስንት ግራም ሆነ፣ ውሃውስ ስንት ሊትር? ስንት ቀን ተሰጠ? ከዚያም ዳነች ወይስ ሞተች? የሞተችውም ትጻፍ፤ የዳኑትን ብቻ የሚቆጥር ደብተር ይዋሻል። ብዙ ሕመም በራሱ ይድናል፤ የአፍና የእግር በሽታ የያዛት ትልቅ ላም ብዙውን ጊዜ በሁለትና ሦስት ሳምንት ምንም ሳይሰጣት ትነሣለች፤ ምስጋናውን ግን የመጨረሻው ቅጠል ይወስደዋል።

ለወተቱም መስመር ይኑር። የመርፌ መድኃኒት ከተሰጠ ወተቱ ለስንት ቀን እንደማይጠጣ በጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ይህን የማይከተል ሰው ቤተሰቡን ይጎዳል። ቅጠል ግን ጽሑፍ የለበትም። ትምባሆ ወይም ሌላ ብርቱ ዕፅ የተጋተች ላም ወተት ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር አይሰጥ፤ ይህ ከዛሬ ጀምሮ ሕጋችን ይሁን።

ደብተሩ ሲሞላ ጎንደር የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ደባርቅ ላይም ዩኒቨርሲቲ አለን። የተጻፈ ልክ ይዘን በራቸውን እናንኳኳ፤ "ይህን ፈትኑልን፣ ስማችንንም አስፍሩ" እንበል። ያለዚያ የምንመካበት የአያት መድኃኒት "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ይሆንብናል።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ እንቀበላለን። ቅድሚያው የዕፅ ዐዋቂዎች ነው። እያንዳንዳችሁ ስለ አንድ ዕፅና ስለ አንድ ልክ ብትነግሩን፣ ደብተሩና ጸሐፊው እዚሁ ተዘጋጅተዋል፤ ዛሬውኑ እንጀምራለን።